ሽያመን ደሴት ላይ ሦስት ቀን፦ ከጀልባ ትኬት እስከ ባሕር ዳር ብስክሌት

ለንግድ ጓንዡ የሚመላለስ ሰው ሥራውን ጨርሶ ሁለት ሦስት ቀን ሲተርፈው፣ ወይም ቻይና የሚማር ተማሪ ዕረፍት ሲያገኝ፣ ባሕር ለማየት ሽያመን ጥሩ ምርጫ ናት። በፉጂያን ክፍለ ሀገር ከታይዋን ፊት ለፊት ያለች የደሴት ከተማ ስትሆን ከጓንዡ በፈጣን ባቡር አራት አምስት ሰዓት ያህል ትወስዳለች። ከተማዋ ዛሬ በዋናው ምድር ላይም ተስፋፍታለች። ለጎብኚ የሚሆነው አብዛኛው ነገር ግን ያለው በደሴቷና በደቡብ ምዕራብ ጥጓ በምትገኘው ትንሿ ጉላንግዩ ላይ ነው።

እዚህ ዋናው ነገር ቅደም ተከተል ነው። ቦታዎቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ጉዞው የሚበላሸው በሰዓት ነው። ሰው የጀልባ ትኬት አልቆ ይጠብቀዋል፣ ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ብቻ ቀርቶ ይደርሳል፣ ወይም የቻይና ሕዝብ ሁሉ ለዕረፍት በወጣበት ሳምንት ይገባል።

መቼ ይሻላል

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል። ሰማዩ ይጠራል፣ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ዝናቡም ይቀንሳል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አየሩ በጣም ይረጥባል፤ ጉም ሲወርድ ጀልባዎች ለሰዓታት ይቆማሉ። ከሐምሌ እስከ መስከረም የታይፉን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ወቅት ነው። በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሜራንቲ የተባለው ታይፉን ከተማዋን በቀጥታ መትቶ ዛፎቿን አርግፏል። የታይፉን ማስጠንቀቂያ ከወጣ ጀልባውም የባሕር ዳርቻውም ስለሚዘጋ፣ በዚያ ወቅት የሚሄድ ሰው አንድ ትርፍ ቀን ይያዝ።

ፈጽሞ የማይመከሩት ሦስት ሳምንታት አሉ፦ የቻይና ብሔራዊ በዓል የሚውልበት ከመስከረም 21 እስከ 27 ያለው፣ ከሚያዝያ 23 የሚጀምረው የሠራተኞች ቀን ዕረፍት፣ እና የቻይናውያን አዲስ ዓመት። በእነዚህ ቀናት የአልጋ ዋጋ ይንራል፣ የጉላንግዩ ትኬትም ቀድሞ ያልቃል።

ከመነሳትዎ በፊት

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ግዴታ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን ወደ ሦስተኛ አገር የሚያልፍ ትኬት ከያዘ በ240 ሰዓት የትራንዚት ፈቃድ ሊገባ ይችላል። ሽያመንም ይህ ከሚሠራባቸው መግቢያዎች አንዷ ናት።

ክፍያ በዋናነት በስልክ ነው። አሊፔይና ዊቻት የሚባሉት የቻይና የስልክ መተግበሪያዎች የውጭ አገር ቪዛና ማስተር ካርድ ይቀበላሉ። በአሊፔይ ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ክፍያ ተጨማሪ ኮሚሽን አይጠየቅም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን 3 በመቶ ይጨመራል። ስለዚህ ትልቁን የሆቴል ሒሳብ በጥሬ ገንዘብ መክፈል ያዋጣል። ካርድዎ ከኢትዮጵያ ባንክ ከሆነ ለውጭ አገር የኢንተርኔት ግብይት መከፈቱን አገር ቤት ሳሉ ያረጋግጡ፤ እዚያ ደርሶ ማስከፈት አድካሚ ነው። በ10፣ በ20 እና በ50 ዩዋን የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብም ኪስዎ ውስጥ ይኑር።

ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ጉግል በቻይና ኔትወርክ አይሠሩም። በሮሚንግ ወይም ከቻይና ውጭ በተገዛ ኢሲም ከገቡ ግን ዳታው በውጭ አገር በኩል ስለሚዞር ይሠራሉ። ዊቻት አዲስ አካውንት ሲከፈት ሌላ ተጠቃሚ እንዲያረጋግጥ ሊጠይቅ ስለሚችል ቀድሞ መክፈት ይሻላል። ለካርታ አማፕን ይጫኑ። የሆቴልዎንና የሚሄዱባቸውን ቦታዎች ስም በቻይንኛ ፊደል ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ አብዛኛው የታክሲ ሹፌር የላቲን ፊደል አያነብም።

አንድ ለእኛ ብቻ የሚሆን ጥንቃቄ አለ፤ እሱም ሰዓት ነው። ትኬቱ ላይ 07:30 ሲል ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ማለቱ ነው፣ 13:00 ደግሞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቻይና ከኢትዮጵያ በአምስት ሰዓት ትቀድማለችና ስልኩን በራሱ እንዲያስተካክል ያድርጉት፤ በልብ እያሰሉ ጀልባ ያመለጣቸው አይጠፉም። ከዚህ በታች በቅንፍ የተቀመጠው ሁሉ በትኬት ላይ እንደሚጻፈው ነው።

መድረስና ማረፍ

ሁለት ትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች አሉ። ሽያመን የሚባለው ደሴቷ ላይ ነው። ሽያመን ሰሜን ደግሞ ከባሕሩ ማዶ፣ በዋናው ምድር ያለ ነው፤ ከጓንዡና ከሼንዠን የሚመጡት አብዛኞቹ ፈጣን ባቡሮች እዚያ ይቆማሉ። ሰሜን መውረዱ አያሳስብዎት። ከዚያ ሜትሮ መስመር 1 በቀጥታ ወደ መሃል ከተማ ያመጣዎታል፤ ጂሜይ ከሚባለው ሰፈር ተነስቶ ደሴቷ እስኪገባ ድረስም መሬት ለመሬት በባሕሩ ላይ ያልፋል። መስኮት ዳር ይቁሙ፤ ከ2 ዩዋን በሚጀምር ታሪፍ የሚገኝ የባሕር ጉብኝት ነው።

ማረፊያ ጅንሃይ ሉ በሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አካባቢ ይፈልጉ። የጥንቱ የዦንግሻን መንገድ፣ የባሕር ምግብ ገበያውና የማታው ጀልባ ሁሉም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። የውጭ አገር ሰው በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ሆቴል ይህን ራሱ ይፈጽማል። ትንንሽ የእንግዳ ማረፊያዎች ምዝገባውን ስለማያውቁት እንግዳን ይመልሳሉ። ከመክፈልዎ በፊት የውጭ አገር ፓስፖርት ይቀበሉ እንደሆን በጽሑፍ ይጠይቋቸው።

ቀን አንድ፦ ጉላንግዩ

ጉላንግዩ ስፋቷ ሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ መኪናም ብስክሌትም የማይገባባት ደሴት ናት። በ1842 የናንጂንግ ውል ሽያመን ለውጭ ንግድ ከተከፈተች በኋላ አውሮፓውያን፣ አሜሪካውያንና ጃፓናውያን ቆንስላና ቤት ሠሩባት፤ በ1903 ዓለም አቀፍ የሰፈራ ቀጣና ሆነች። ሚሲዮናውያን ያመጡት ፒያኖ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የየቤቱ ዕቃ ስለሆነ የፒያኖ ደሴት የሚል ስም አላት። በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። የሚገባው ሰው ቁጥር በቀን የተገደበ ነውና ትኬቱን መያዝ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

1. ትኬቱን በጀልባ ኩባንያው የዊቻት ገጽ ወይም በጉዞ መተግበሪያ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይቁረጡ። ስምዎን ከነአባትና ከነአያት፣ ልክ በፓስፖርቱ ላይ ባለው ቅደም ተከተል ያስገቡ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው አያቱን ትቶ ሲጽፍ በር ላይ ከስካነሩ ጋር አይገጥምም።

2. መነሻው ዶንግዱ ያለው ትልቁ የመርከብ ተርሚናል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከዦንግሻን መንገድ ጫፍ ሉንዱ የሚባል ወደብ አለ፤ ጉላንግዩ ከዚያ እጅ ሲዘረጋ የምትነካ ትመስላለች፤ ታክሲውም ጉላንግዩ ካሉት ወደዚያው ይወስድዎታል። ቀን ላይ ግን ያ ወደብ ለነዋሪዎች ብቻ ነው። ለሹፌሩ የዶንግዱን ተርሚናል በቻይንኛ የተጻፈውን ያሳዩት።

3. መድረሻ ሁለት አለ። ሳንቺውትየን በምሥራቅ፣ ለዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ቅርብ ነው። ኔይጽዎአው በምዕራብ፣ ጸጥ ያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሳንቺውትየን ይሻላል። ደርሶ መልሱ ለተራው ጀልባ 35 ዩዋን፣ ለምቹው 50 ዩዋን አካባቢ ነው። ጉዞው 20 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ተራው ይበቃል።

4. ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት (08:00) በፊት የሚነሳውን ይምረጡ። የፓስፖርትና የሻንጣ ፍተሻ ስላለ 40 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ።

ወደቡ ደጃፍ ላይ «ርካሽ ጉላንግዩ» እያሉ የሚጣሩ ሰዎች ይኖራሉ። ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ደሴቷን በጀልባ የሚያዞር እንጂ የማያወርድ ጉብኝት ነው። አልፈዋቸው ይሂዱ።

እንደወረዱ ምግብና ሱቅ ወዳለበት አይታጠፉ፤ በቀጥታ ወደ ሪጓንግየን፣ የፀሐይ ብርሃን ዐለት ወደሚሉት ያምሩ። በእግር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ከፍታው 92.7 ሜትር ነው፤ በቁጥር ትንሽ ቢመስልም የመጨረሻው ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ሰው ተደርድሮ አንድ እርምጃ ለመውጣት ደቂቃዎች ይፈጃል። ማለዳ ከደረሱ ግን ቀዩን የጣሪያ ክዳን፣ የባኒያን ዛፎቹንና ከማዶ የሚታየውን የከተማ ፎቅ ተረጋግተው ያያሉ። መግቢያው 50 ዩዋን አካባቢ ነው። ሹጁዋንግ የሚባለው የአትክልት ስፍራ 30 ሲሆን፣ ሁሉንም የሚያካትተው ጥምር ትኬት ደግሞ 90 ነው። ሦስተኛ ቦታ የሚያዩ ከሆነ ጥምሩን ይግዙ፤ ሁለቱን ብቻ ከሆነ ለየብቻ ይቀላል።

ሹጁዋንግ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ ቦታ ነው። ታይዋን በ1895 ለጃፓን ስትሰጥ ቤተሰቡ ወደ ጉላንግዩ የተሻገረው ሊን አርጂያ በ1913 ያሠራው ነው። በሩን ሲገቡ የሚታየው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ባሕሩ አጠገብዎ ሆኖ አይታይም። ጥቂት ተራምደው ጠባቧን መግቢያ ሲያልፉ ባሕሩ በአንድ ጊዜ ከፊትዎ ይዘረጋል። አሠሪው ይህን ሆን ብሎ ነው ያደረገው፤ ስለዚህ ከኋላ በኩል ባለው መውጫ አይግቡ። ከዚያ በባሕሩ ላይ የተዘረጋው ጠመዝማዛ ድልድይ አለ፤ ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ከእግር በታች ይመታል። ግቢው ውስጥ ካለው ኮረብታ ላይ በ2000 የተከፈተው የፒያኖ ሙዚየም አለ፤ መግቢያው በዚያው ትኬት ነው።

እኩለ ቀን ላይ ዋናው የሎንግቶው መንገድ በሰው ይጨናነቃል። ያኔ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኔይጽዎአው ያሉትን መንገዶች ይያዙ። የድሮ ቪላዎች፣ የተዘጉ የብረት በሮች፣ ከግንብ ላይ የወረደ አበባ፣ እዚህም እዚያም ከመስኮት የሚሰማ ሙዚቃ፤ ደሴቷ በእውነት ያለችው እዚያ ነው። መኖሪያ ቤቶች ስለሆኑ በር ከፍተው አይግቡ።

ወደ ማታ ከሳንቺውትየን ወደ ሉንዱ ወደብ የሚመልስ ጀልባ ለጎብኚም ይሠራል። ጉዞው አምስት ደቂቃ ያህል ሲሆን የሚያወርድዎ ከማረፊያዎ አጠገብ ነው። ደሴቷ ላይ ማደር የፈለገ ሻንጣውን ከተማ ሆቴል ትቶ በጀርባ ቦርሳ ይሂድ። መኪና ስለሌለ ሻንጣ በድንጋይ ደረጃ ላይ እየጎተቱ መውጣት ነው የሚሆነው።

ቀን ሁለት፦ ደቡቡ ዳርቻ

ጠዋት ናንፑትዎ ቤተ መቅደስ ይጀምሩ። መግቢያ አይከፈልም። ከጀርባው ያለውን ኮረብታ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ከላይ ዩኒቨርሲቲውም ባሕሩም ይታያል። አጠገቡ ያለው የሽያመን ዩኒቨርሲቲ በ1921 የተመሠረተ ነው። መሥራቹ ታን ካህ ኪ ከዚሁ ከጂሜይ ተነስቶ በሲንጋፖር በጎማ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ግቢው ለማንም አይከፈትም፤ በዊቻት በፓስፖርት ቁጥር ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ቦታውም ቶሎ ይሞላል። ካልተገኘ ብዙ አይቆጭም፤ የሚቀጥለው መንገድ ይክሰዋል።

ከዩኒቨርሲቲው ደቡብ ካለው የባይቼንግ ባሕር ዳርቻ ተነስተው በኋንዳው መንገድ ወደ ምሥራቅ ይሂዱ። መጀመሪያ የሚያገኙት የሁሊሻን ምሽግ ነው፤ በ1890ዎቹ የተሠራ ሲሆን በጀርመኑ የክሩፕ ፋብሪካ የተሠራ 280 ሚሊ ሜትር መድፍ እስካሁን አፉን ወደ ባሕሩ አድርጎ ተቀምጦበታል። መግቢያው 25 ዩዋን አካባቢ ነው።

ከዚያ በኋላ ብስክሌት። በአሊፔይ ኮዱን ስካን በማድረግ ይከፈታል፤ ከመክፈትዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ይፈትሹ፦ ሁለቱንም ፍሬን፣ ጎማውን በአውራ ጣት ተጭነው፣ የመቀመጫውን ማጥበቂያ። ባሕር ዳር የቆመ ብስክሌት በጨው ስለሚዝግ ሰንሰለቱ የተንጫጫ ከሆነ ሌላ ይያዙ። በመጨረሻም ነጭ መስመር የተሰመረበት ቦታ ላይ ያቁሙት፤ ሌላ ቦታ ከቆመ ሒሳቡ ይቀጥላል ወይም ቅጣት ይጨመራል። እስከ ጓንይንሻን ዳርቻ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ አያደክምም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከፊት ሊመጣ ይችላልና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂዱ፤ መመለሻ ሜትሮ መስመር 2 ጓንይንሻን ላይ አለ።

በከተማዋ መሃል የፈጣን አውቶቡስ መስመር ተከትሎ በአየር ላይ የተሠራ 7.6 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድም አለ፤ በ2017 የተከፈተ ነው። እግረኛም የኤሌክትሪክ ብስክሌትም አይገባበትም። ግን ባሕር አያሳይም፤ ጊዜ ያጠረው ሰው የባሕር ዳሩን ይምረጥ።

የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እዚህ ከፍተኛ ነው፤ ከ4 ሜትር በላይ ይለያያል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በየቀኑም በ50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። ጥሩ ፎቶ የሚነሱበትን ዳርቻ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይተው ሲመለሱ ዐለትና ጭቃ ሆኖ ያገኙታል። መዋኘት የሚፈልግ በሙላት ሰዓት፣ ጠባቂ ባለበት ዳርቻ ብቻ ይግባ። ቀንድ አውጣና ሸርጣን ለመልቀም በጉድለት ሰዓት ወደ ውስጥ የገባ ደግሞ ውኃው መመለስ ሲጀምር ወዲያው ይውጣ። ውኃው የሚመለሰው በዝቅታው በኩል ከኋላ ዞሮ ስለሆነ የቆሙበት ከፍታ ደሴት ሆኖ ይቀራል። የዕለቱን የሙላትና የጉድለት ሰዓት ሆቴል ይጠይቁ፤ ስልክ ላይም ይገኛል።

ከዳርቻው ማዶ በዓይን የሚታዩት ትንንሽ ደሴቶች በታይዋን የሚተዳደረው የጂንመን አካል ናቸው። ከዉቶንግ ወደብ ወደ ጂንመን ጀልባ አለ፤ ግማሽ ሰዓት ስለሆነ ሰው ይፈተናል። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የታይዋን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ከዚያም በላይ ከቻይና ወጡ ማለት ስለሆነ ባለ አንድ መግቢያ ቪዛዎ እዚያው ያልቃል፤ መመለሻ የለዎትም። ከዳርቻው ማየት ይበቃል።

ቀን ሦስት

ጠዋት የዋንሽ ዕፀዋት ማዕከል፣ 30 ዩዋን አካባቢ። ዋናው ነገር የዝናብ ደን ክፍሉ ነው፤ በተወሰነ ሰዓት ሰው ሠራሽ ጉም ስለሚለቀቅ በር ላይ ሰዓቱን ጠይቀው በዚያው ይድረሱ። ቁልቋልና ሬት የመሰሉ ዕፀዋት ያሉበትን ክፍል ግን ለእኛ ሰው እንደ ግዴታ አልቆጥረውም። ከሰዓት በኋላ ጂሜይ፦ የታን ካህ ኪ መቃብር ያለበት አውዩዋን፣ የታንኳ ውድድር የሚካሄድበት ኩሬ፣ ከታች የምዕራብ ግንብ ከላይ የቻይና ጣሪያ ያላቸው ትምህርት ቤቶቹ። ወደ ሽያመን ሰሜን በሚወስደው የሜትሮ መስመር ላይ ስላለ የመመለሻ ቀንዎ ከሆነ ይገጥማል።

ምግብ

የከተማዋ መለያ ምግብ ሻቻ ሚየን የሚባለው ኑድል ነው። ወጡ ኦቾሎኒ ሸትቶ ቀላ ብሎ ስለሚመጣ ንጹህ የጾም ይመስላል። አይደለም፦ ቅመሙ ውስጥ የደረቀ ሽሪምፕ አለ፣ መረቁም አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ አጥንት የተቀቀለበት ነው። ኦርቶዶክስም ሙስሊምም ይህን ያውቅ። የኦይስተር እንቁላል ጥብሱም ብዙ ቦታ በአሳማ ስብ ይሠራል።

ጾም ለያዘ ሰው መፍትሔው ናንፑትዎና በአካባቢው ያሉ የቡድሂስት ምግብ ቤቶች ናቸው። ሥጋም ዓሣም አያስገቡም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለባቸውም። አንዳንድ ብስኩትና ኬክ ግን ወተት ወይም እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል «ቹንሱ» የሚለውን በቻይንኛ ጽፈው ያሳዩ፤ ከእንስሳ የመጣ ምንም የሌለበት ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብን ለዚህ ሰፈር ቢያደርጉት ይመቻል። ሙስሊም ተጓዥ «ቺንግጀን» የሚል አረንጓዴ ምልክት ያለባቸውን የላንዡ ኑድል ቤቶች ይፈልግ፤ በየሰፈሩ አሉ። የተፈጨ ሳይሆን ተቀቅሎ የፈረሰ ጣፋጭ የኦቾሎኒ ሾርባም ዦንግሻን መንገድ ላይ ይገኛል።

ዓሣ የሚወድ ስምንተኛው ገበያ፣ ባሽ የሚሉት፣ ማለዳ ይሂድ። ዋጋ የሚነገረው በጂን ነው፤ አንድ ጂን 500 ግራም። ርካሽ የመሰለ ዋጋ በሊያንግ፣ ማለትም በ50 ግራም የተነገረ ሊሆን ይችላልና ከመመዘኑ በፊት ይጠይቁ። ውኃ የሞላበት ከረጢት አብሮ እንዳይመዘን ያፍስሱት። አጠገቡ ያሉ ምግብ ቤቶች የገዙትን በክፍያ ያበስሉልዎታል፤ የማብሰያውን ሒሳብ በጂን ነው ወይስ በሳሕን የሚለውን አስቀድመው ይወቁ።

በመስከረም ከሄዱ

የመኸር አጋማሽ በዓል ብዙ ጊዜ በእኛ መስከረም ውስጥ ይውላል። በዚያ ሰሞን ሽያመን ሁሉ ቦቢንግ ይጫወታል። ስድስት ዛር (ዳይስ፣ በጎኖቹ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለው የመጫወቻ ጠጠር) በሸክላ ሳሕን ውስጥ ይጣላል፤ ሽልማቱ በድምሩ 63 ነው። አንድ አራት ከወጣ ከ32ቱ ትንንሽ ሽልማቶች አንዱን፣ ሁለት አራት ከ16ቱ፣ ከአራት ሌላ የሆነ ቁጥር አራት ጊዜ ከወጣ ከ8ቱ፣ ሦስት አራት ከ4ቱ፣ ከአንድ እስከ ስድስት በሙሉ ከወጣ ከ2ቱ አንዱን ያስወስዳል። አራት አራት የጣለ ዥዋንግዩዋን ይባላል፤ የበላዩ ሽልማት አንድ ብቻ ነው። እሱም ወዲያው የግል አይሆንም፤ ሌሎቹ ሽልማቶች እስኪያልቁ የበለጠ የጣለ ይቀማዋል። አንድ ዛር እንኳ ከሳሕኑ ከዘለለ ተራዎ ያልፋል፤ ስለዚህ ዛሩን ዝቅ አድርገው በቀስታ ይልቀቁት። ሆቴሎችና ሱቆች ለእንግዳ ስለሚያዘጋጁ የእርስዎ ሆቴል የሚያዘጋጅበትን ማታ ሲገቡ ይጠይቁ።